በቁመት ሰልፍ

ሜርቲስ ስልኩን ዘጋችና «ኦዜላ ትመጣለች» አለች፣ ልክ ዝናብ ይመጣል እንደማለት።

አርዴሊያ ወደ አፏ እየወሰደችው የነበረውን ኬክ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«እንግዲያው እኔ የለሁም።»

ወይ ጉድ! ዓመት ሙሉ ለዚህች ቅዳሜ ስትል ያልወጣችው ዳገት፣ ያልወረደችው ቁልቁለት የለም። አዳራሹን የያዘችው እሷ፣ ቢጫውን ሻርፕ ሞንትጎመሪ ከተማ ድረስ ወርዳ ያሰፋችው እሷ፣ ኮሌጁን በደብዳቤ ያሰለቸችው እሷ። የኮሌጁን የእህትማማቾች ማኅበር አብረው የተቀላቀሉበት ሃምሳኛ ዓመት ነው። በዚያች ቀን አብረው የገቡት በኮሌጁ ተማሪዎች ፊት እንደ ጥንቱ ተሰልፈው አንዴ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰልፍ የለም። አርዴሊያ ከሥራ ጡረታ የወጣች ቀን እንኳ እንዲህ አልጓጓችም።

ሰልፉ ግን ሕግ አለው። ምልምሎች የሚደረደሩት በቁመት ነው፤ አጭሯ ከፊት፣ ረጅሟ ከኋላ። የኋለኛዋ ቀኝ እጇን በፊተኛዋ ትከሻ ላይ አሳርፋ ተራዋን ጮክ ብላ ትጠራለች። ከመሃል የሞተች ካለች ቦታዋ ባዶ ይተዋል፤ ከኋላዋ ያለችው እጇን አየር ላይ ዘርግታ ትሄዳለች። በሕይወት እያለች የቀረች ካለች ግን ሰልፉ ጭራሽ አይሄድም።

ስድስት ነበሩ። ሜርቲስ አንደኛ፣ ቬልማ ሁለተኛ፣ አርዴሊያ ሦስተኛ፣ ኦዜላ አራተኛ። አምስተኛዋ ጆርጂ አርፋለች። መጨረሻዋ እንደ መብራት እንጨት የረዘመችው ኔዲን ናት። እንግዲህ ቁጠሩት፤ የኦዜላ እጅ የሚያርፈው የማን ትከሻ ላይ ነው?

በምልመላው ጊዜ ትልልቆቹ እህቶች ፀሐይ ላይ አቁመው ሲያውሏቸው የአርዴሊያ ጉልበት ይከዳት ነበር። ያን ጊዜ ኦዜላ ትከሻዋን ጨበጥ አድርጋ «አለሁ» ትላታለች በሹክሹክታ። «አለሁ» ብቻ። አርዴሊያ ያን ማኅበር የጨረሰችው በራሷ እግር ሳይሆን በዚያች እጅ ነው። ከዓመታት በኋላ ያችው እጅ ባሏን ወሰደችባት። ሩፈስ አርዴሊያን ፈትቶ ኦዜላን አገባ፤ ኖሩ፣ አረጁ፣ ካቻምና ሞተ። አርዴሊያ ለቀብሩ አልሄደችም፤ አበባም አልላከች።

«የለሁም ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ሜርቲስ። «አንቺ ከሌለሽ ማናችንም አንሄድም። ልቅበርሽና ቦታሽን ባዶ ልተወው?»

«ያቺ ሴትዮ ትከሻዬን ከምትነካኝ ቅበሪኝ!»

«ስሚ፣ ኔዲን በዚያ በታመመ ጉልበቷ ከሂዩስተን ድረስ ትመጣለች። ቬልማ የልጅ ልጆቿን ሁሉ ጠርታለች። አንቺ በሞተ ሰው የተነሳ…»

«የሞተ ሰው ብቻ አይደለም! የእኔ ባል ነበረ!»

ሜርቲስ የኬኩን ሳህን ከፊቷ አነሳችባት። እሷ እንደሆነች ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ናት። አርዴሊያ ወደ መስኮቱ ሄደችና ድንገት ዞረች።

«ሕጉ የሚለው በቁመት ነው አይደል?»

«ነው።»

«በዛሬ ቁመት ነው በጥንቱ? ሁላችንም አጥረናል እኮ። ቢጫው የሰልፍ ቀሚሳችን እንኳ መሬት ይጠርጋል። እንደገና እንለካ።»

ሜርቲስ አተኩራ አየቻት። «አንቺ ነሽ ያልሽው። በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ እንዳትዪኝ።»

«አልልም!»

አርዴሊያ ሒሳቧን ሠርታ ነበር። ቬልማን ጥንትም የምትበልጣት በትንሽ ጣት ነው። ትንሽ ጎበጥ ካለች ሁለተኛ ትሆናለች፣ ቬልማ ሦስተኛ። የኦዜላ እጅ የቬልማ ጀርባ ላይ ይረፍ፤ ጀርባዋ እንደሆነ ሰፊ ነው፣ ይበቃል።

ሐሙስ ከሰዓት ሜርቲስ ኩሽና ተሰበሰቡ። ጣፋጭ ሻይና የተጠበሰ ዓሣ ቀርቧል፤ የሚበላ ግን የለም። ለኪዋ ኔዲን ናት፤ የመዝሙር መጽሐፍ አናት ላይ አስቀምጣ የበሩን መቃን በእርሳስ ታሰምራለች። ሜርቲስ ተለካች፤ አጭር ነበረች፣ አሁን ይባስ ብላ ድንክ ሆናለች። ቬልማ ተለካች። ቀጥሎ አርዴሊያ ጫማዋን አወለቀችና ጀርባዋን ለመቃኑ ሰጠች። በረጅሙ ቀሚስ ሥር ጉልበቷን ዕጥፍ፣ አንገቷን ስብር።

«እስቲ ተንፍሺ» አለች ኔዲን።

«እየተነፈስኩ ነው።»

እርሳሱ ጫር አለ። ከቬልማ ምልክት በታች! አርዴሊያ ፊቷ እንዳይፈነድቅ ከንፈሯን ነከሰች።

«አንቺ!» አለች ቬልማ፣ «ወገብሽን በቀዶ ጥገና ነው የቆረጡት?»

ሳቁ ሳያልቅ በሩ ተንኳኳ።

ኦዜላ ገባች። አርዴሊያ በመጀመሪያ አላወቀቻትም። ያቺ ዘንካታ፣ ያቺ ስትራመድ መንገድ የምታስለቅቅ ሴት፣ ከላይ ታጥፋ፣ ከትልቅ ኮት ውስጥ ጠፍታ፣ ከዘራ ይዛ ቆመች።

«ደህና ዋላችሁ» አለች። «የምለካው የት ጋ ነው?»

ኔዲን መጽሐፉን አናቷ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች። እርሳሱ ጫር አለ። ከቬልማ በታች፣ ከአርዴሊያም በታች።

ሜርቲስ ጠጋ ብላ አነበበች። «አንደኛ እኔ። ሁለተኛ ኦዜላ። ሦስተኛ አርዴሊያ። ቬልማ አራተኛ።»

አርዴሊያ ምልክቶቹን ከላይ እስከ ታች ቆጠረች። ቀጥ ብላ ቆማ ቢሆን ኖሮ ቬልማ በመሃላቸው ትገባ ነበር! ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ የሚሉት እውነታቸውን ነው።

«ይደገም» አለች። «በደንብ አልቆምኩም።»

«ጉልበትሽን ስታጥፊ አይቻለሁ» አለች ሜርቲስ ቀስ ብላ። «ሕጉን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። በሉ ለልምምዱ ተሰለፉ!»

ተሰለፉ። ምን ታድርግ? ከኔዲን ፊት የጆርጂ ባዶ ቦታ ተተወ፤ ኔዲን ረጅም እጇን አየር ላይ ዘረጋች። ቬልማ የአርዴሊያን ትከሻ ያዘች። አርዴሊያ ግን እጇ አልነሳ አላት። ፊቷ ያለው የኦዜላ ነጭ ፀጉር ነው፣ እንደ ሕፃን ሳስቶ ቆዳው ይታያል። ስንት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጀርባ ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት! አንዱም አልመጣላት አለ።

ኦዜላ ሳትዞር ተናገረች። «አርዴሊያ፣ ካስጠላሽ እጅሽን አየር ላይ ያዢው። አልቀየምሽም።»

«እሱ ለሙት ነው!» ብላ ጮኸችባት።

«አውቃለሁ» አለች ኦዜላ። «ብዙም አትሳሳቺም። ሐኪሙ ለገና አትደርሺም ብሎኛል።»

የሜርቲስ ትከሻ ተሰበቀ፤ አልዞረችም። አርዴሊያ እጇን ኦዜላ ትከሻ ላይ ወረወረችው ማለት ይቀላል። ኮቱ ገባ አለ፤ ከሥሩ ሥጋ የሚባል የለም፣ አጥንት ብቻ። ያ አጥንት በመዳፏ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ተናደደች፣ በኦዜላ፣ በሩፈስ፣ ያን ሁሉ ዓመት በበላው ቂሟ።

«ምን ትበያለሽ አንቺ? የሚያበስልልሽ የለም?»

«ማን ይኖራል?»

«አንድ!» ብላ ሜርቲስ ጮኸች።

«ሁለት» አለች ኦዜላ። ጉልበቷ ሲከዳት አርዴሊያ በእጇ ተሰማት፤ ጨበጥ አደረገቻት።

«አለሁ» አለቻት በጆሮዋ። ከዚያም ቶሎ ብላ፣ «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ ታዲያ።»

«አልመሰለኝም።»

«በይ ሂጂ። ቀስ ብለሽ።» አርዴሊያ አፍንጫዋን በሻርፑ ጠረገችና ቀና አለች። «ሦስት!»