ሰነፉ ማሳ

አባቴ በሞተ በስድስተኛው ቀን የአፈር ናሙና ልወስድ ወደ ማሳው ሄድኩ። እስከዚያ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ «አቤት ጥንካሬ!» ይለኛል። ጥንካሬ አልነበረም፤ በድን ሆኜ ነው እንጂ።

ሥራዬ አፈር መመርመር ነው። አባቴን ያሳመንኩትም እኔው ነኝ። ማሳውን ለሁለት እንዲከፍለው፣ ግማሹን እንደለመደው እንዲያርስ፣ ግማሹን ግን አምስት ዓመት ሙሉ ሳያርስና ገለባውን ሳያነሳ እላዩ ላይ እንዲዘራ ነገርኩት። አፈሩ እርጥበት ይይዛል፣ ይፋፋል፣ በትንሽ ማዳበሪያ ብዙ ይሰጣል። የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበርም በአምስተኛው ዓመት ምርቱ ካማረ ሁሉም እንደሚከተል ቃል ገብቶ ነበር።

ጎረቤት ግን እስከዚያው አሾፈ። ገለባ የለበሰውን ማሳ «ሰነፉ» ብለው ስም አወጡለት። አባቴ ይስቅና፣ እናንተ ብርድ ልብስ ስትደርቡ አፈር አይበርደውም ወይ ይላቸዋል። አራቱን ዓመት እንዲህ ገፋው። አምስተኛውን ሊዘራ ሳምንት ሲቀረው ልቡ ቆመ።

ስደርስ ሰነፉ የለም። ከዳር እስከ ዳር ታርሷል። ጥጉ ላይ የገለባ አመድ ተቆልሏል። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ለምኖ ካመጣው ትራክተር አጠገብ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። እኛ ቤት ለሐዘን ተቀምጠን ሳለ እሱ እዚህ ሁለት ቀን ሲለፋ ኖሯል።

«ወንድሜን ሞቶም እንኳ ሰነፍ እንዲሉት አልፈለግሁም፣ ልጄ» አለኝ። «አጸዳሁለት።»

መዳፉ ውሃ ቋጥሯል። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ቁጣ ከየት ይምጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩት።

ተንበርክኬ አፈሩን በፌስታል ዘገንኩ። ፌስታሉ ላይ የለጠፍኩት መለያ «አምስተኛ ዓመት» ይላል፤ እጄ በልማድ አስቀድሞ ጽፎት ኖሯል። ሰርዤ «አንደኛ ዓመት» ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ ለምን ሰረዝሽው አለኝ። አንዴ ከታረሰ ቆጠራው እንደ አዲስ እንደሚጀምር ነገርኩት።

አመዱን አየ። ትራክተሩን አየ። ከዚያ እርሻው መሃል ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

እኔ ፌስታሉን አሰርኩ። መለያው ላይ «የገበሬው ስም» የሚለውን ቦታ ባዶውን ተውኩት።