የጀማሉዲን ግራ እግር

ጀማሉዲን ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። የስኳር በሽታ እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል፤ ግራ እግሩ ሥር የወጣችውን ቁስል ግን ጫማ የላጠው መስሎት ዝም አላት። ሐኪም ቤት ሲሄድ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መቆረጥ እንዳለበት ተነገረው።

«የስፌት መኪናውን በምኔ ልረግጠው?» አለና ተነሥቶ ወጣ።

ልጁ ረውዳ ነርስ ናት። ለመነችው፣ አለቀሰችም፤ አልሰማትም። ሚስቱ ሃጂራ ግን አልለመነችውም። እሷ ያደገችው እናቷ በማጭድ የተቆረጠ ጣት በሸረሪት ድር ደሙን አቁማ፣ በማር ስታድን እያየች ነው። ኮሶዬ መንደር ቀፎ ካላቸው ከአያ ዳኛው ነጭ ማር አስመጣች።

በየማለዳው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ ታጥባለች፤ ማሩን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ቀብታ ታስርለታለች። ጀማሉዲን እሱ እንዳይቀምሰው የተከለከለውን ማር እግሩ ሲጠግበው እያየ ይስቃል። ረውዳ የስኳር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ትቆጣጠራለች፤ እግሩን ራጅ እንዲነሣም በየሳምንቱ ትነግረዋለች። እሱ ነገ ይላታል።

በአምስተኛው ወር ሥጋው ሞላ፣ ቆዳውም ገጠመ። ሃጂራ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየች። ጀማሉዲን ሱቁን ከፈተ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ትኩሳት ጣለው። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ራሱን አያውቅም ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሞተ። ሐኪሙ ረውዳን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ቁስሉ ከላይ ቢዘጋም ከሥሩ አጥንቱ መመርቀዙንና መርዙ ወደ ደሙ መግባቱን ነገራት።

አስከሬኑን ሃጂራ ራሷ አጠበችው። ረውዳ ከመጋረጃው ውጭ ሆና ውኃ ታቀብላለች። ግራ እግሩ ጋ ስትደርስ ሃጂራ እጇን ሰበሰበች።

«ትንሽ ቀዝቃዛ ጨምሪልኝ፤ እግሩን ያቃጥለዋል» አለች።

ረውዳ ጨመረችላት።

ከቀብር በኋላ ሃጂራ ለቅሶ ለሚደርሳት ሁሉ የምትናገረው አንድ ነገር ሆነ። «እግሩ እኮ ድኖ ነበር። በእጄ ነው ያዳንኩት» ትልና ወደ ልጇ ትዞራለች። «አይደል ረውዳ?»

መጀመሪያ የጠየቀቻት ቀን ረውዳ ቀና አለች። ሴቶቹ ሁሉ ያዩዋታል፤ የእናቷ ዓይኖች አብጠዋል።

«አዎ እማዬ፣ ድኖ ነበር» አለች።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። አባቷን እጁን ይዛ ጎትታ ራጅ ያላስነሣችበትን እያንዳንዱን ሳምንት እያሰበች፣ እናቷ እንዳትሰማት የሂጃቧን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች።