በቀኝ ነው የሚዞረው

እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦ ጋጋሪዋና ታናሽ እህቷ በተራራው ሐይቅ መግቢያ በር ላይ ቆመው፣ በየት በኩል እንደሚዞሩ ይጨቃጨቁ ነበር።

መንገዱ ሐይቁን ከቦ እዚያው በሩ ላይ የሚመልስ የእግር መንገድ ነው። በቀኝ የጀመረ በግራ ይመጣል፣ በግራ የጀመረ በቀኝ። ይኼ ለማንም ሰው ሁለት ጊዜ የሚነገር ነገር አይደለም። ለእነዚህ ሁለቱ ግን ሃምሳ ጊዜ ቢነገርም ለውጥ የለውም።

«በቀኝ ነው የሚዞረው» አለች ጋጋሪዋ። «ዳገቱን በጠዋት ትገላገይዋለሽ፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው።»

«በግራ ጥላ አለ እትዬ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ምድጃ ፊት የቆመች ሴት ፀሐይ ትፈራለች?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ምድጃ ፊት ስለቆምኩ ነው ጥላ ያማረኝ።»

ወደዚህ የመምጣቱን ሐሳብ ያመጣው የጋጋሪዋ ባል ነበር። የዳቦ መኪናቸውን የሚነዳው እሱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ታናሽየዋ ሊጥ እያድቦለቦለች፣ ቀና ሳትል፣ ትልቁ ሆቴል ለኬክ ክፍሉ እንደጠራት ተናገረች፤ ሰኞ ጠዋት መልስ ይጠብቃሉ። ጋጋሪዋ ከእጇ ላይ ዱቄቱን አራገፈችና «ይቅናሽ» አለች። አለቀ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ጠባብ ዳቦ ቤት ውስጥ የማቡኪያው ማሽን ከሚያጉረመርመው በቀር የሚያወራ ጠፋ። «ጨው።» «አልቋል።» «በሩን ዝጊው።» ንግግራቸው ይኼው ነበር።

ጋጋሪዋ «አትሂጂ» የምትለዋን ቃል በየቀኑ እስከ ጉሮሮዋ ታመጣትና መልሳ ትውጣታለች። ሊጥ እንዴት እንደሚዳሰስ፣ የዳቦ ቂጥ ተንኳኩቶ መብሰሉ እንዴት እንደሚታወቅ እጇን ይዛ ያስተማረቻት እሷ ናት። አሁን ደግሞ ልትለምናት? ሞቼ ነው፣ ትላለች ለራሷ። ቀኖቹ ግን አለቁ፤ ከዛሬዋ እሁድ ሌላ የቀረ የለም።

«በእናንተ መሃል ዳቦ መጫን ሰለቸኝ» ብሎ ነበር ሹፌሩ መኪናውን ሲያቆም። «ሂዱና ዙሩ። ስትመለሱ ወይ ታርቃችኋል ወይ ደክሟችኋል። ለእኔ ሁለቱም ደግ ነው።»

የበሩ ጥበቃ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክርክሩን ሲኮመኩም የቆየ ሽማግሌ፣ መሃል ገባ። «በየትም ብትሄዱ ርዝመቱ አንድ ነው እህቶቼ። ብቻ ከወዲያ ማዶ ያለው ድልድይ...»

«እናውቃለን» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነበር።

ከዚያም እያንዳንዳቸው ከመኪናው ቦርሳቸውን አነሱና አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ሄዱ።

ዳገቱ ጋጋሪዋ እንዳለችው በጠዋት የሚያልቅ አልሆነም። አንድ ዙር ዳቦ ተጋግሮ በሚወጣበት ጊዜ ግማሹ ላይ ደረሰች፤ ሁለተኛው ዙር ሲወጣ ገና ጉልበቷን ይዛ ቆማለች። ሐይቁ ከታች እንደ ታጠበ ትሪ ያብረቀርቃል። ዳክዬዎች መስመር ሠርተው ይቀዝፋሉ፤ ከኋላ ያለችዋ አንዷ ከመስመሩ ወጥታ በራሷ መንገድ ትሄዳለች። «ይቺም አለች» አለች ጋጋሪዋ፣ ሳታስበው ፈገግ ብላ።

ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ወጣት ተጓዦች፣ ባልና ሚስት ይሁኑ እጮኛሞች፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ሲመለሱ አገኘቻቸው።

«እማማ፣ ወዲያ አያሻግርም» አላት ልጁ።

«እማማ አትበለኝ። እኔን ያሻግረኛል።»

ልጁና ልጅቷ ተያዩ። ከዚያ ምን ሊሆን እንደሆነ ለማየት ተመልሰው ተከተሏት።

ከሐይቁ ጫፍ ውኃ እየሞላ ወደ ሸለቆው የሚወርድበት ጅረት አለ። ድልድዩ እዚያ ላይ ነበር። አሁን የቀረው በዚህም በዚያም ዳር የተተከሉት ግንዶች ብቻ ናቸው፤ እንጨቱን የሰሞኑ ጎርፍ ጠርጎ ወስዶታል። ከማዶ፣ ጥላ ያለው ድንጋይ ላይ፣ ታናሽ እህቷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«ቆየሽ» አለቻት፣ ውኃው ስለሚጮህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ዳገት ነዋ።»

«በዚህ በኩል ሜዳ ነው።»

ጋጋሪዋ ላቧን ጠረገች። ሆዷም ጮኸ። ቁጭ ብላ ቦርሳዋን ፈታች። ሁለት ትልልቅ ዳቦና አንድ ፔርሙዝ ሻይ። ሌላ ምንም የለም። ምሳውን ማታ ሲያዘጋጁ በክብደት ነበር የተካፈሉት። ከማዶ ታናሽየዋ የእሷን ዘረገፈች፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጨው፣ ሁለት ኩባያ፣ ቢላ።

ለሌላ ሰው ይኼ ችግር አይደለም። ዳቦውን ይገምጣል፣ ሻዩን ከፔርሙዙ አፍ ይጠጣል። ጋጋሪዋ ግን ዳቦ በቢላ ሲቆረጥ እንጂ ሲገመጥ ማየት አትወድም፤ አንድ ጊዜ በሯ ላይ ቆሞ ትኩስ ዳቦ የገመጠን ደንበኛ ተቆጥታ ዳቦውን ተቀብላ ቆርጣ መልሳ ሰጥታዋለች። ስለዚህ ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየው ጀመር።

ታናሽየዋ እንቁላሏን ቀስ ብላ ላጠች።

«ቢላውን ወርውሪልኝ።»

«ቢላ ይወረወራል እንዴ?»

«እንግዲያው አምጪልኝ።»

«ዳቦው ያለው አንቺ ጋ አይደል? የራበው ይምጣ።»

ተጓዦቹ ከኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ብስኩታቸውን ከፈቱ።

ታናሽየዋ እንቁላሉን ጨው ነክራ በላች። እጇን አበሰችና ቀና አለች። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መልስ ይፈልጋሉ እትዬ። ምን ልበላቸው?»

ዳቦ ቤት ቢሆን ኖሮ ጋጋሪዋ መጥረጊያ ታነሳ ነበር። እዚህ ግን የሚወለወል ጠረጴዛ የለ፣ የሚገለበጥ ዳቦ የለ፣ ጀርባዋን የምትሰጠው ምድጃ የለ።

«አትሂጂ» አለች፣ ለዳቦው ይመስል አንገቷን ደፍታ።

«ምን?»

«አትሂጂ ነው የምልሽ።»

ታናሽየዋ መዳፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዘንበል አለች። ከንፈሯ ዳር ላይ ግን ሳቅ ነበረ፣ ጋጋሪዋም አየችው። እህቷ ሰምታለች። የፈለገችው እንደገና መስማት ነው። ጋጋሪዋ ተነሳች፣ ወገቧን ያዘች፣ በሙሉ ድምፅዋ ለቀቀችው፦

«አትሂጂ! እለምንሻለሁ፣ አትሂጂ!»

ዳክዬዎቹ ተነሥተው በረሩ።

«እኛም ሰምተናል» አለ ተጓዡ ልጅ።

«ለምን አልሄድም?» አለች ታናሽየዋ። ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

ጋጋሪዋ አሰበች። ስለ ሥራው ብዛት ልትነግራት ትችል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አንቺ ከሄድሽ ከማን ጋር እጣላለሁ? ባሌ እንደሆነ እሺ ነው የሚለው።»

ታናሽየዋ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ባለዘቢቡ ዳቦዬስ? መደርደሪያ ላይ ይወጣል?»

ይኼ አራት ዓመት የቆየ ጉዳይ ነው። ጋጋሪዋ ዘቢብ ዳቦ ውስጥ ሲታያት ዝንብ ይመስላታል።

«በታችኛው» አለች።

«በላይኛው።»

«በመሃለኛው። ያውም ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«ሁልጊዜ።»

ጋጋሪዋ የቀሩትን እንቁላሎች አየች። «እሺ፣ ሁልጊዜ።»

ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ቦርሳውን አናቷ ላይ አድርጋ ገባች። ውኃው ከጉልበት አያልፍም፤ ብርዱ ግን ጥርስ ያንገጫግጫል። መሃል ስትደርስ ታናሽየዋ ገብታ እጇን ያዘቻት።

«ቀስ፣ ድንጋዩ ያሟልጫል።»

«ድንጋይ ደግሞ አስተምሪኝ።»

ዳቦውን ቆርጠው፣ ሻዩን ቀድተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠግተው በሉ። ጋጋሪዋ እንቁላሉ እሳት ትንሽ እንደበዛበት ተናገረች፤ ታናሽየዋም ዳቦው እንደዛሬ ጠፍጣፋ ሆኖ አያውቅም አለች። ሁለቱም አልተቀየሙም።

ሊነሡ ሲሉ ታናሽየዋ ቀጥ ብላ ቆመች። «ቆይ እስቲ። አንቺ በኔ በኩል ከተመለስሽ ሙሉውን ዞርሽ ማለት ነው። እኔ ግማሹን ሄጄ ግማሹን ልመለስ?»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ዕድሜ ልክሽን 'እኔ ዞሬዋለሁ፣ አንቺ አልዞርሽም' ስትዪኝ ልትኖሪ?»

ጋጋሪዋ ልትክድ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

ታናሽየዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ጅረቱን ተሻገረችና በዳገቱ በኩል ጠፋች።

ሹፌሩ በር ላይ ሆኖ ሚስቱ በግራ፣ እህቷ በቀኝ ለየብቻ ሲመጡ ሲያይ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ዛሬም አልታረቃችሁም?»

«ታርቀናል» አለች ጋጋሪዋ። «ዘቢብ እንገዛለን። ንዳ።»

ጥበቃው ከወንበሩ ተነሣ። «ስለ ድልድዩ ልነግራችሁ ብዬ...»

«እናውቃለን» አሉት።

መኪናው ውስጥ ታናሽየዋ ዘቢቡ ጥቁሩ ነው የሚሻለው አለች፤ ጋጋሪዋ ቢጫው ነው አለች፣ ቢያንስ ዝንብ አይመስልም። ሹፌሩ እጁን ሰደደና ሬዲዮውን ዘጋ፤ አንድም ቃል እንዳያመልጠው።