በግራ እጅ የተፈረመ ካርድ

ባለቤቴ ኦርቪል በ1930 ሐምሌ ወር ውስጥ ስድስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ሲመለስ የት እንደከረመ ብጠይቀው አጎቱ እርሻ ላይ ድርቆሽ ስከምር ነበር አለኝ። ያኔ ገና አልተጫጨንም፤ አመንኩት። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ድርቆሽ አምኜ ኖሬአለሁ።

ጉዱ የወጣው ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ በከተማችን ትምህርት ቤት አዳራሽ በተደረገው የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ትርኢት ላይ ነው። እኔ የቤተ ክርስቲያናችን የፀረ መጠጥ ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ስለሆንኩ ለማኅበሩ የፖም ኬክ እሸጥ ነበር። ኦርቪል አጠገቤ ተቀምጦ ኬኩን ይጠብቃል፣ ማለትም ይበላል።

የዕለቱ ትልቅ ነገር የቨርና ስታኪ ካርድ ነበር። ቨርና ያደገችው ወህኒ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ጠባቂው ስለነበሩ ቤተሰቡ ፎቁ ላይ ይኖር ነበር፤ ለእስረኞቹ የሚያበስሉትም እናቷ ነበሩ። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት በዚያ ዘመን «ሽቶው» የሚባለው የቺካጎ ወንበዴ፣ ኒክ ማርሎቲ፣ እዚያ ሁለት ቀን ታስሯል። ሲገባ ኪሱን አራግፎ የፈረመበትን የዕቃ ካርድ ቨርና እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች፦ አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ መቁጠሪያ፣ ሁለት የሐር መሐረብ፣ አንድ ጠርሙስ ሽቶ።

ሰብሳቢዎች እንዲህ ላለ ካርድ ይናከሳሉ። ቨርና ግን ልትሸጠው አልመጣችም። ከተማው አባቷን ሲያማቸው ኖሯል፤ ፊርማውን ራሳቸው ሞነጫጭረው እንግዳ ያታልሉበት ነበር እየተባለ። ሰውዬው ያንን ሐሜት እየሰሙ ኖረው ሞቱ። ልጃቸው የፈለገችው ካርዱ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክር አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱን የሚሰጠው ከቺካጎ የመጣው የፊርማ አዋቂ ሚስተር ኮልቢ ነው። ሲገባ ኬክ ባቀርብለት ጣፋጭ አልበላም ስላለኝ ከመጀመሪያውም ልቤ አልወደደውም። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ካርዱን አየና ራሱን ነቀነቀ። የማርሎቲ ፊርማ ሰው ቆሞ የሚያደንቀው ነው፣ ይሄ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስላል አለ።

ቨርና ይህንን ጠብቃ ነበር። አባቷ የእስረኛውን ቀኝ እጅ ከጠረጴዛው ጋር በካቴና ያስሩት ስለነበር ሁሉም የሚፈርመው በግራው እንደነበረ አስረዳችው። ለማስረጃም አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ የሌሎች እስረኞች ካርዶች ዘርግታ አሳየችው። ነገሩ ባሰ። ሁሉም ጭረት፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን የዘመመ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚስ ስታኪ» አላት። «እነዚህን ሁሉ የጻፈው አንድ ሰው ነው። አባትዎ ይመስሉኛል።»

ቨርና ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የተቆጧት ሕፃን መሰለችኝ። ኬኩን ፊቱ ላይ ብለጥፈው ደስ ባለኝ።

ኦርቪል ሹካውን አስቀምጦ ተነሳና በዝግታ ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

«የ1930 ሐምሌን ፈልጊልኝ» አላት።

ቨርና አልፈለገችም፤ የት እንዳለ ታውቃለች። ያንን ካርድ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። «ተው ኦርቪል፣ ግድ የለም» አለችው፤ እያየች ያለችው ግን እኔን ነው።

«አባትሽ ሐቀኛ ሰው ነበሩ» አላት። «ካቴናቸው ግን ይጠብቅ ነበር።»

ከጎን አሮጌ የፖሊስ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር። ኦርቪል ካቴና ተውሶ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው እግር ጋር አሳሰረና ጎንበስ ብሎ በግራው ፈረመ። ቨርና የድሮውን ካርድ አጠገቡ አስቀመጠች። ያው ዘመም ያለ ጭረት፣ ያው የተጠላለፈ መጨረሻ። ሚስተር ኮልቢ ሁለቱን እያፈራረቀ ብዙ አየ። ከዚያ ኮቱን አወለቀና እኔንም እሰሩኝ አለ። በግራው ስሙን ሲፈርም አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ የዶሮዋ እህት የጫረችው ነበር።

አሁን የማርሎቲን ካርድ እንደገና አየ። ወንበዴው ስሙን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት «T» ፊደላት የሚያቋርጠው ሁልጊዜ በአንድ ረጅም ሰረዝ ነው፤ በግራው ሲጽፍም ያንን አልተወም። ሚስተር ኮልቢ ቨርናን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት። ወረቀቱን እስኪጽፍ ግን ጠበቅን፤ የካቴናው ቁልፍ አልከፍት ብሎ ነበር። ሚስተር ኮልቢን እንደታሰረ ሁለት ቁራጭ ኬክ አጎረስኩት፣ ሦስተኛውን ራሱ ጠየቀ። ሲፈታ ቨርና የጠባቂውን ስም ሔንሪ ስታኪ ብለህ ጨምርልኝ አለችው። ጻፈላት። እሷም ተነስታ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሁለተኛውን እያለቀሰች።

እኔ ደግሞ የባሌን ካርድ አነበብኩ። ጥፋቱ ውስኪ ማመላለስ። ዕቃው አንድ የኪስ ቢላዋና አንድ የቀለበት ሳጥን፤ ከሳጥኑ ጎን «ባዶ» ተብሎ ተጽፏል። ጣቴ ላይ ያለውን ቀለበት አየሁ።

«ድርቆሹ ይሄ ነው?» አልኩት።

«ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ ድርቆሽ ነበር» አለኝ።

«ከታሰርክ ታዲያ ቀለበቱን በምን ገዛኸው?»

ኦርቪል ጫማውን አየ። «ከተፈታሁ በኋላ አንድ ዙር ብቻ ጨመርኩ።»

መቆጣት ፈልጌ ነበር። ሳቁ ቀደመኝ።

የኦርቪልን ካርድ ቨርና ሰጠችን፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከጋብቻ ወረቀታችን ጎን ሰቀልኩት። ማክሰኞ የማኅበራችን ሴቶች ቤቴ ሲሰበሰቡ ቀለበቴን አላወለቅኩም። አንዷ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን ፊርማዎች ስታስተያይ ቆየችና ጨርሶ አይመሳሰሉም አለችኝ።

«ሁለቱም የሱ ናቸው» አልኳት። «የፈረመውም ለኔ ነው።»