እርካታ ለዜሮ ሲካፈል

የጤና ቢሮው ወረቀቱን አስወግዶ መዝገቡን «ደመና» ላይ ካወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደመና ይበሉት እንጂ ነገሩ ሩቅ ቦታ ያለ፣ በኪራይ የተያዘ የመረጃ መጋዘን ነው። በስልሳ ክሊኒኮች ማን ታመመ፣ ማን ምን መድኃኒት ወሰደ፣ ሁሉም እዚያ ይከማቻል። አንድ ነገር ማወቅ የፈለገ ሠራተኛ ጥያቄውን በኮምፒውተር ቋንቋ ይጽፍና ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር በአንድ ጥቅል አስሮ፣ ኤፒአይ በሚሉት መንገድ ይልከዋል። ይህ ኤፒአይ ምን እንደሆነ በቢሮው ውስጥ ለሰው በሚገባ ቋንቋ ያስረዳች መዝገቤ ብቻ ነበረች።

«መስኮት ነው» አለች። «ወረቀትህን ትሰጣለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ትቀመጣለህ። እየተመላለስክ ‹ደረሰ ወይ?› ትላለህ። ወይ ‹ተራ ይጠብቃል› ይልሃል፣ ወይ ‹እየተሠራ ነው›፣ ወይ ‹ተጠናቋል›፣ ወይ ‹ወድቋል›። ከድሮው መስኮት የሚለየው አይሳደብም።»

መዝገቤ ስሟ አይደለም። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ስለሠራች የወጣላት ነው። ወረቀቱ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ እሷንም ከመደርደሪያው ጋር ሊጭኗት ምንም አልቀራቸውም ነበር። እሷ ግን ሽፋኑ የተገነጠለ የሥልጠና መጽሐፍ ከቆሻሻ ቅርጫት አነሳች፤ በምሳ ሰዓት አንድ አንድ ገጽ እያለች በስድስት ወር ጨረሰችው። አሁን የአርባ ሰባት ዓመት ሴት ሆና ከመጋዘኑ ጋር በቋንቋው ትነጋገራለች። አማርሮ መናገር ግን አልፈጠረባትም። ጣሪያው በጠረጴዛዋ ላይ ሲያፈስ ጠረጴዛዋን ገፋ አድርጋ «ተመስገን፣ ዝናብ አገኘን» ያለች ሰው ናት።

የጥቅሉ ሕግ ቀላል ነው፤ አብሮ የገባ አብሮ ይወጣል። ስልሳ ጥያቄ ታስሮ አንዱ ከተደናቀፈ፣ ሃምሳ ዘጠኙም እንዳልተጠየቁ ሆነው ይመለሳሉ።

ይህን ሕግ ዳይሬክተሩ አያውቁትም ነበር። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው የምስክር ወረቀታቸውን በመስታወት ካስገቡ በኋላ በገዛ እጃቸው አንዲት ጥያቄ ጽፈዋል። ጥያቄዋ «ረክቻለሁ» ያሉትን ታካሚዎች ቁጥር ወስዳ ለቅሬታዎቹ ቁጥር ታካፍላለች። ለአንድ ቅሬታ ስንት የረካ ሰው እንዳለ ለማወቅ መሆኑ ነው። ያላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ዳይሬክተሩ ግን በዚህ አላበቁም። «ከማንኛውም ክፍል በሚላክ ማንኛውም ጥቅል ራስጌ ላይ የዳይሬክተሩ ጥያቄ ትቅደም» የሚል መመሪያ አወጡ። መሐንዲሱ፣ ሁሉንም ነገር በደመና ስለሚያሳብብ ደመናው የሚሉት፣ መመሪያውን እስከ ነጠላ ሰረዙ ድረስ በመላኪያው ፕሮግራም ውስጥ አስገባው። አንድ ባለሙያ ጊዜ ለመቆጠብ ጥያቄዋን ከራስጌ አውጥቶ ነበር። እሱ አሁን ምድር ቤት የተሰበሩ ወንበሮችን ይቆጥራል።

ያለፈው ወር ውጤት ሁለት መቶ ሦስት ሆነ። ዳይሬክተሩ አልተደሰቱም። ቁጥሩ እንዲያድግ ወይ የረካውን ሰው ማብዛት ነው፣ ወይ ቅሬታውን መቀነስ። የመጀመሪያው ሥራ አለበት። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት «የመረጃ ጽዳት» ታዘዘ። ደመናው ዘጠኝ መቶ ሰባት ቅሬታዎችን ከመጋዘኑ ጠረገ፤ የቅሬታ ማቅረቢያውን ገጽም ከክሊኒኮቹ ድረ ገጽ ላይ ሰወረው። ዳይሬክተሩ በስብሰባው ላይ ብድግ ብለው «ዜሮ!» አሉ። ተጨበጨበ።

ማክሰኞ ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። አንድ የደም ግፊት መድኃኒት ችግር ተገኝቶበታል። በአንድ የምርት ቁጥር የወጡት እንክብሎች ውስጥ ያለው ሌላ፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው። የወሰዱት ሰዎች ዛሬ ነገ ሳይባል ተጠርተው ይቀየርላቸው ይላል። መዝገቤ ለእያንዳንዱ ክሊኒክ አንድ፣ በድምሩ ስልሳ ጥያቄ ጽፋ መጋዘኑ የወሳጆቹን ስምና ስልክ እንዲያወጣ ላከች።

ወደቀ።

«ደመናው ነው» አለ ደመናው። «ያልፋል።»

እንደገና ላከች። ወደቀ። ረቡዕም ስድስት ጊዜ ወደቀ።

መዝገቤ ታላቅ እህት አለቻት። ያሳደገቻት እሷ ናት፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ እህቷ ቤት ጎራ ብላ የምርት ቁጥሩን ለማየት ሳጥኑን ፈለገች። እህቷ ሳጥኑን ጥላ እንክብሎቹን የአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጣቸዋለች።

«እትዬ፣ ክሊኒክ ሄደሽ ለጥቂት ቀን በሌላ ብትቀይሪው?»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሐኪሙ ገና አልሰማም። ዝርዝሩ ሲወጣ ነው የሚነገረው።»

«እና ሐኪሙ ያልሰማውን አንቺ ከየት ሰማሽ? መዝገብ ቤት መድኃኒት ማዘዝ ጀመረ?» እህቷ ቆርቆሮውን ከእጇ ነጠቀች። «ዝም ብዬ ባቆም ደሜ ጣሪያ ይነካል። ሐኪሙ ራሱ ይደውልልኝ። ያኔ አቆማለሁ።»

በአንድ ነገር ልክ ነበረች፤ ዝም ብሎ ማቆምም ይጎዳል። መዝገቤ ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ቢሮ ገብታ ደመናውን በር ላይ ጠበቀችው።

«‹ወድቋል› ከሚለው ሥር የተጻፈ ነገር አለ?»

«ይኖራል። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ስለሆነ የሚታየው ለእኔ ብቻ ነው።»

«ምን ይላል?»

«አላነበብኩትም። ከወደቀ ወድቋል፤ ምኑ ይነበባል?»

«አንብበው።»

ደመናው ከፈተ። አነበበ። ጆሮው ቀላ። ስክሪኑ ላይ የነበረው አንድ መስመር ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ለዜሮ ማካፈል አይቻልም።

«የሰውየው ናት» አለ በሹክሹክታ። «ቅሬታውን ሁሉ ጠርገን... ከሰኞ ጀምሮ ከዚህ ቢሮ የወጣ አንድም ጥቅል...»

«አውጣት።»

«እናቴ!» ደመናው «እናቴ» የሚላት ሲፈራ ብቻ ነበር። «ምድር ቤት ያለውን ሰውዬ ረሱት? እኔ ልጆች አሉኝ።»

«እንግዲያው እሳቸውን እጠይቃለሁ።»

በዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ስትገባ የምስክር ወረቀታቸውን መስታወት በመሐረብ እየወለወሉ ነበር። ሰላምታ አቅርባ ነገሩን አስረዳች፤ ደብዳቤውን፣ መድኃኒቱን፣ ጥያቄያቸው ለዜሮ ማካፈል አቅቷት ሌሎቹን ይዛ እንደምትወድቅ።

«ዜሮ ቅሬታ ድል ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። «ድል እንዴት ያደናቅፋል?»

«ክቡር ዳይሬክተር፣ የሚያደናቅፈው ድሉ አይደለም። ማሽኑ ለዜሮ ማካፈል አይችልም።»

«የእኔ ጥያቄ ስንት ወር ሠርታለች። የተደናቀፈችው ከኋላ የሚገፏት ስልሳ ጥያቄዎች ስላሉ ነው። ለመሆኑ ስልሳ ለምን አስፈለገ?»

«ክሊኒኮቹ ስልሳ ስለሆኑ።»

«ይጠና» አሉ። «ኮሚቴ ይቋቋም። ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሳብ ይቅረብ።»

«ሰዎቹ እንክብሉን ዛሬ ማታም ይውጣሉ።»

«አየሽ፣ ችኮላ!» ዳይሬክተሩ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺን በትዕግሥትሽ ነበር የማውቅሽ።»

ወጣች። በደረጃው ላይ ቆማ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አጭር ጸሎት አደረሰች። ፈጣሪ ዳይሬክተሩን ይለውጥ ብላ አልጸለየችም፤ ጊዜ እንደሚወስድ ታውቃለች። መንገድ አሳየኝ ነው ያለችው። ከዚያ ወደ ደመናው ክፍል ተመለሰች።

«የቅሬታውን ገጽ ሰወርከው እንጂ አላጠፋኸውም አይደል?»

«ማገናኛውን ነው ያነሳሁት። አድራሻውን ለሚያውቅ ሰው ይከፈታል።»

«እኔ አውቀዋለሁ። እዚያ የገባ ቅሬታ ወደ መጋዘኑ መቼ ይጫናል?»

«በየሰዓቱ፣ ራሱ ነው የሚጭነው።» ደመናው ገባው፤ ፊቱ ፈካ። «አንድ ቅሬታ! አንድ ብትገባ ለአንድ ይካፈላል! መመሪያውን ማን ነካው? ማንም! በሉ ገጹን ይክፈቱት፣ የሆነ ፊደል ልምታበት።»

«ተው» አለች። «ሐሰት አስገብቼ እውነት እንዲወጣልኝ አልለምንም። እኔ የክሊኒኩ ታካሚ ነኝ። የደረሰብኝን እጽፋለሁ።»

ባዶው ገጽ ተከፈተ። «ቅሬታዎን እዚህ ይጻፉ» ይላል። መዝገቤ እጇን ፊደል ገበታው ላይ አስቀምጣ ቆየች። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ተመስገን» ያለች ሴት ከየት ትጀምር? «ሁሉም ደህና ነው፤ ሆኖም» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ይቅርታ አድርጉልኝና» ብላ ጀመረች። እሱንም አጠፋችው።

«የሰው ሕይወት በእጅዎ ነው፤ ትንሽ ይማረሩ እንጂ!» አላት ደመናው።

«ቆይ፣ እየሞከርኩ ነው።»

ጉልበቷ ትዝ አላት። «ባለፈው ወር ጉልበቴን ለማሳየት ሄጄ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅሁ» ብላ ጻፈች። «የተቀመጥኩበት ወንበር ሦስት እግር ነበረው። አራተኛው የታመመው ጉልበቴ ነበር።» ከዚያ በኋላ እጇ አልቆመም። «ሐኪሙ ፊቴን አላየም። ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተተከለ ‹ረክተዋል?› ብሎ ጠየቀኝ፤ አፌን ሳልከፍት ‹አዎ› የሚለውን ራሱ ተጫነ። የሰጠኝ ቅባት የጆሮ ነው። ልመልስ ብሄድ ‹እንደረኩ ተመዝግበዋል፣ የረካ አይመልስም› ተባልኩ። ደግሞ መዝገብ ቤት ሳለሁ...» እያለች ስትወርድ ገጹ ከአምስት መቶ ፊደል በላይ አልቀበልም አላት።

«ገና አልጨረስኩም እኮ» አለች መዝገቤ፣ ቅር ብሏት።

«ይበቃል! ይበቃል!» ደመናው ዘሎ ላከው።

ሰዓቱ ሞልቶ ቅሬታዋ መጋዘን ገባች። ጥቅሉ ተላከ። ተራ ይጠብቃል። እየተሠራ ነው። እየተሠራ ነው። ተጠናቋል።

አራት መቶ አሥራ ሦስት ስም ወጣ። እህቷ ዘጠና ሰባተኛ ነበረች። ዝርዝሩ በደቂቃዎች ውስጥ ለክሊኒኮቹ ደረሰ፤ ሰው ስላነሰ መዝገቤም ስልክ ይዛ ከሚደውሉት ጋር ተቀመጠች። ከቀትር በኋላ ከእህቷ ተደወለላት።

«ሐኪሙ ራሱ ደወለልኝ! ያንን መድኃኒት ተይ፣ አሁኑኑ መጥተሽ ቀይሪ አለኝ። አየሽ፣ የሚያውቅ ሰው ሲናገር! አንቺ ግን እንደዚያ ጭንቅ ስትዪ ምን ታውቂ ነበር?»

«ምንም እትዬ» አለች መዝገቤ። «ተመስገን።»

ቀጥላ ለአንድ ታካሚ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት ልጁ ነበረች። «አባቴ ትናንት ወደቀ» አለች። «ሆስፒታል ነው። ነፍሱ አለች፤ አንደበቱ ግን ተይዟል። ለምን ነበር የፈለጋችሁት?»

መዝገቤ የምትችለውን ያህል ነገረቻት። ስልኩን ዘግታ ቀኑን ቆጠረች። ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ነው። ሰውየው የወደቀው ረቡዕ። ወረቀት ቢኖር፣ እሷ በአንድ ጠዋት በጣቷ ገልጣ ታገኘው ነበር።

ሰኞ ዳይሬክተሩ አስጠሯት። ደመናውም እዚያ ቆሟል፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል። ዳይሬክተሩ ፊት ሁለት ወረቀት አለ፤ አንዱ የመዝገቤ ቅሬታ፣ ሌላው የጥያቄያቸው ውጤት። መቶ ሰማንያ አራት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት።

«እንዲህ ያለ ቁጥር የትም ቢሮ ታይቶ አይታወቅም» አሉ። ድምፃቸው በደስታና በቁጣ መካከል ይዋልል ነበር። «ነገር ግን ይቺ ቅሬታ... የጆሮ ቅባት ምናምን... ትጠረግ።»

«ከተጠረገች ቁጥሩም የለም» አለ ደመናው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዳይሬክተሩ እውነቱን እየተናገረ። «ዜሮ ከሆነ ይወድቃል። ሁለት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል።»

ዳይሬክተሩ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ጥያቄያቸውን ማስተካከል ግን በአሳባቸው ደጃፍ እንኳ አላለፈም።

«አንድ ብቻ» አሉ በመጨረሻ። «በትክክል አንድ። መዝገቤ፣ ከዛሬ ጀምሮ የቢሮው ቋሚ ቅሬታ አቅራቢ ነሽ። በወር አንድ። የድሮዋ ስትነሳ አዲሷ ትገባለች። የአንቺን ቅሬታ እኔን ጨምሮ ማንም እንዳይነካት በማኅተም አጸናዋለሁ።»

«የፈለግሁትን ልጻፍ?»

«አንድ ትሁን እንጂ የፈለግሽውን! ማን ያነበዋል?»

ማኅተሙ ተመታ። መዝገቤ ደብዳቤዋን ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። በዚህኛው ጊዜ ከየት እንደምትጀምር አልጠፋትም። የሰውየውን መውደቅ ጻፈች፤ ማክሰኞንና ረቡዕን፣ በጥቅሉ ራስጌ የተቀመጠችውን ጥያቄ፣ የተጠረጉትን ዘጠኝ መቶ ሰባት ሰዎች፣ ምድር ቤት ወንበር የሚቆጥረውን ባለሙያ። ቃል እየመጠነች በአራት መቶ ዘጠና ስምንት ፊደል ጨረሰች። የጆሮ ቅባቷ ቅሬታ ተነስታ ይቺ በቦታዋ ገባች።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ ቁጥራቸውን እንደ ደንቡ ከቅሬታው ጋር ለበላይ መሥሪያ ቤት ላኩ። ዘጠኝ መቶ ቅሬታ ሲላክ የሚያነብ አልነበረም። መቶ ሰማንያ አራት ሺህ የረካ ሰው ባለበት አንዲት ቅሬታ ብቻ ስትገኝ ግን ማንም ማለፍ አልቻለም። የበላዮቹ «ይቺ አንዷ ደግሞ ምን ሆና ነው?» እያሉ ተራ በተራ ከፈቷት።

የዳይሬክተሩ ስልክ መጮህ የጀመረው ከምሳ በፊት ነው። እየሮጡ ወደ ደመናው ክፍል ገቡ።

«ጥረጋት! አሁኑኑ!»

ደመናው ማኅተም ያለበትን የመዝገቤን ደብዳቤ ቅጂ በሁለት እጁ ይዞ አሳያቸው። «እርስዎን ጨምሮ ማንም እንዳይነካት ይላል፣ ክቡር ዳይሬክተር።»

ከግድግዳው ማዶ መዝገቤ የቀጣዩን ወር ባዶ ገጽ ከፍታ ተቀምጣለች። የሚያልፉት ሠራተኞች «እንዴት ነሽ መዝገቤ?» ይሏታል።

«ቆይ፣» ትላለች አሁን፣ «ተቀመጥና ልንገርህ።»