አሥራ አራት ናኖሜትር

ሱቄ መስኮት ላይ «4.2 ጊጋኸርዝ» የሚል ወረቀት አለ። ጽፌ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አሰላ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ፤ ካሣዬ ቪዲዮ ሲባል የማያውቅ አልነበረም። ፈይሩዛ ከመንገዱ ማዶ ስቱዲዮ ስትከፍት የኮምፒውተሯ ፕሮሰሰር ፍጥነት 3.8 መሆኑን ሰማሁና ወረቀቱን ለጠፍኩት። ደንበኛ ሲመጣ በጣቴ አሳየዋለሁ። ትልቅ ቁጥር ማን ይጠላል?

ውሸት አልነበረም፤ ሞኝነት ነበር። ፕሮሰሰር የሚሠራው በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎችን አንዲት ቺፕ ላይ በማስፈር ነው። የአሠራሩ ደረጃ የሚጠራው በናኖሜትር ነው፣ ያም የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን እዚያችው ቺፕ ላይ ብዙ ይገባል፣ መብራትም ብዙ አይበላም፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። የእኔን ፕሮሰሰር የሠራው ኩባንያ ለዓመታት አሥራ አራት ላይ ቆሞ ጊጋኸርዙን ብቻ ከፍ ያደርግ ነበር። የፈይሩዛን የሠራው ተፎካካሪው ወደ ሰባት ወረደ። የእኔ ውስጡ አራት ሠራተኛ፣ ኮር የሚሉትን፣ ይዞ እያላበው ይሮጣል፤ የፈይሩዛ አሥራ ሁለት ይዞ ተረጋግቶ ይሠራል። ይህንን በደንብ አውቅ ነበር። አውቄም ወረቀቱን አላነሳሁም።

ባለፈው ጥር ሐመልማል ተክለወልድ ሮቤ ላይ ተዳረች። አባቷ አቶ ተክለወልድ ጉበታቸውን ታመው፣ ሐኪሞቹ ቤታቸው ይሁኑ ብለው የሸኟቸው ሰው ናቸው፤ ሮቤ ድረስ መሄድ አልቻሉም። ሐመልማል ከሠርጉ በፊት ሱቄ መጥታ፣ «ጋሽ ካሣዬ፣ በመልሱ ቀን አባዬ ሠርጌን ማየት አለበት። ከዚያ በኋላ ጊዜ ያለን አይመስለኝም» አለችኝ። በእኛ አገር መልስ ያለ ቪዲዮ አይሆንም፤ ሙሽሮቹ ማክሰኞ ቤተሰብ ቤት ሲመለሱ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ የእሑዱን ሠርግ ያያል። «ሰባት ሰዓት ላይ ቲቪው ላይ ነው» አልኳት።

ሠርጉን የቀረጽኩት ራሴ ነኝ። ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ሐመልማል ወደ ካሜራዬ ጠጋ ብላ፣ «አባዬ፣ እያየኸኝ ነው?» አለች። ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗን ጠረገች።

ሰኞን ሙሉ አቀናበርኩ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ፊልሙን አንድ አድርጎ እንዲያወጣ አዘዝኩት። ስድስት ሰዓት ይፈጃል አለ፤ በቂ ነው አልኩ። መስኮቱን ከፈትኩለት። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ያቀዘቅዘዋል እያልኩ መቀለድ ልማዴ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ሳየው ገና የሰባት ሰዓት ሥራ ቀረኝ ይላል። ግሎ፣ እንዳይቃጠል ራሱን እያዘገየ ነበር። የማራገቢያው ጩኸት መንገድ ድረስ ይሰማል።

ፈይሩዛ ሰምታ ነው መሰል ተሻግራ መጣች።

«ጋሽ ካሣዬ፣ የነሐመልማል መልስ ዛሬ አይደል? ሃርድ ዲስኩን ይስጡኝና እኔ ጋ ላውጣሎት። አንድ ሰዓትም አይፈጅም። ለማንም አልናገርም፣ ወላሂ።»

«የእኔ ፍጥነቱ ይበልጣል» አልኳት።

መስኮቱ ላይ ያለውን ወረቀት አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «እሺ» ብላ ሄደች። ያን ጊዜ ብጠራት ኖሮ አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሆን እደርስ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ የሐመልማል ወንድም ወንደሰን ደወለ። «አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ነቅቷል። ትራስ አስደግፈን ቲቪው ፊት አስቀምጠነዋል። እየደከመ ነው ጋሼ፤ ያልተቀናበረውንም ቢሆን ያምጡልን።»

«ጥሬ ቪዲዮ ከእኔ ቤት አይወጣም» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ። «ትንሽ ታገሱ።»

ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ገና ግማሽ ላይ ነው። ያኔ የሥራውን ቅጂ የያዘውን ሃርድ ዲስክ ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ፈይሩዛ ተቀብላኝ ወዲያው ሰካችው። ኮምፒውተሯ ድምፅ የለውም፤ የሚሠራ እንኳ አይመስልም። በሃምሳ ደቂቃ ጨረሰ። ፍላሹን ስትሰጠኝ፣ «ባጃጅ አቁሜሎታለሁ፣ ይሂዱ» አለችኝ።

እነሐመልማል ቤት ስደርስ የመልሱ ድንኳን ሙሉ ነው፤ የሚዘፍን ግን የለም። ሐመልማል ካባዋን እንደለበሰች የአባቷን እጅ ይዛ ተቀምጣለች። እሳቸው ሰባት ሰዓት ካለፈ ወዲህ ነው ዓይናቸውን የጨፈኑት፤ ትንፋሻቸው ግን አለ። «ሲጠብቅ ሲጠብቅ ደከመው» አለች፣ ወቀሳም በሌለው ድምፅ። ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ወንደሰን ፍላሹን ሰካው። መግቢያው መጣ፣ ዘፈኑ መጣ፣ እኔ የተጨነቅሁበት በአበባ ያጌጠ ጽሑፍ ሁሉ መጣ። ሐመልማል ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ መጣልህ» አለች። ትከሻቸውን ነካ ነካ አደረገቻቸው። አልነቁም። ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ያለው ቦታ ሲደርስ እናቷ እትዬ ተሻለች ተነሥተው ቲቪውን አጠፉት።

አቶ ተክለወልድ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አረፉ። ለመልስ የተተከለው ድንኳን ሳይነቀል ለለቅሶ ዋለ።

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ለካ ኮምፒውተሩን ሳላጠፋ ነበር የወጣሁት፤ እየጮኸ ይሠራል። ማጥፋት ነበረብኝ፣ አላጠፋሁትም። ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተጠናቋል አለና ዝም አለ።

ፋይሉ አሁንም አለ። አልሰረዝኩትም፣ ከፍቼም አላየሁትም። ሐመልማል ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ምን ብላ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ።