ለሀረገወይን የላክሁት የባሕር ሣር

ልጄ ሀረገወይን ጎጃም ናት፣ የሦስት ልጆች እናት። አንገቷ ላይ እንቅርት አለባት፤ ጎረቤቶቿ ከእሷ አንገት ሌላ ወሬ የላቸውም። እኔ ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ የሰው ልብስ እያጠብሁ ሳለ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር አንድ ሱቅ የባሕር ሣር እንክብል መጣ ተባለ። ለአንገት ዕጢ ነው፣ የሴት ሆርሞን ያስተካክላል ይላሉ። የባለሱቁ ሚስት እሱን ውጣ በአርባ አምስት ዓመቷ አረገዘች ተብሎ ተወራ። እኔም አወራሁ፤ እንዲያውም መንታ ነው አልሁ።

ዝም ብዬ ግን አልላክሁም፤ መረመርሁት። አሸተትሁት፣ ዓሣ ዓሣ ይላል። ሁለት ሳምንት ራሴ ዋጥሁት፣ ጉልበቴ ቀለል አለኝ። እንቅርት ከጨው ማነስ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ባሕር ደግሞ ሁለመናው ጨው ነው። ሣር ስለሆነም ጾም አያስገድፍም። በቃ አልሁ። የአገሬ ልጅ ግንበኛው እንየው አገር ሲገባ ሁለት ብልቃጥ አስይዤ፣ ጧትና ማታ ዋጪ በላት አልሁት።

እሱ እንደሄደ የጎጃሙ ጦርነት ባሰና ስልክ ተቋረጠ።

ለራሴ ልድገም ብዬ ብልቃጤን ይዤ ፋርማሲ ገባሁ። ፋርማሲስቷ ዴቃ ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛ ትችላለች። ለማን እንደላክሁ ነገርኋት። እጇ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ ከስታለች ወይ፣ ልቧ ይመታል ወይ አለችኝ። ሦስቱም አለባት፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ እንዲያውም ትጠጣለች ብለው ያሟት ነበር። ዴቃ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው። የባሕር ሣር አዮዲን ይበዛበታል፣ እዚህ ላይ ግን ምን ያህል እንዳለበት አልተጻፈም አለች።

"እማማ፣ የልጅዎ የአንገት ዕጢ ከመጠን በላይ የሚሠራ ይመስለኛል። ይኼ ሊያባብስባት ይችላል። ደሟ ሳይመረመር አትዋጥ፤ ይንገሯት።"

በምን ልንገራት? ብደውል ብደውል ስልኳ አይሠራም የምትል ሴት ናት የምትመልስልኝ። እሷንም ለመንኋት።

ባለፈው ሳምንት እንየው ሸሽቶ ተመለሰ። ሀረገወይን እንዴት ናት አልሁት።

"እጇ ባሰባት እማማ። ግን እናቴ ሞክራ የላከችልኝ ነው ብላ አንድ ቀን አታጓድልም።"

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ወደ ጅግጅጋ የሚሄዱት መኪኖች ዘንድ እቆማለሁ። ጎጃም የሚገባ ሰው አለ ወይ ስል፣ ሾፌሩ ሰው ከዚያ ይወጣል እንጂ ማን ይገባል ይለኛል። የስንቱን ሰው ጉድ ያለ ስልክ አገር ያደረስሁ ሴት ነኝ። ይኼ አትዋጪው የሚል አንድ ቃል ግን አልሄድ አለኝ።